የእድሩ ወንበር ኃላፊ

ሥራ ፈት መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። እኔ ቆብ ስለሌለኝ ፌርፋክስ ጎዳናን ስለካ እውል ነበር። ከኦሎምፒክ ጎዳና ጥግ ተነስቼ በሐበሻ ምግብ ቤቶቹና በቅመም ሱቆቹ በር አልፌ ቁልቁል እወርዳለሁ፣ መንገዱን እሻገርና በወዲያኛው ዳር እመለሳለሁ። የማውቀው ሰው አግኝቶኝ «ወዴት ነው?» ሲለኝ «እዚህ ድረስ» እላለሁ፤ እዚህ የት እንደሆነ ግን እኔም አላውቀውም። ተንሻፎ የቆመ መኪና ካየሁ እጄ ይቁነጠነጣል። ባለቤቱን ፈልጌ፣ ቁልፉን ተቀብዬ፣ ሁለቱን ጎማ ከጠርዙ ጋር አስተካክዬ ብመልስለት ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን የሰው መኪና ሳቆም ስለኖርኩ ዓይኔ ሌላ ነገር ማየት አልለመደም።

የምሠራው ዳውንታውን ከአንድ ረጅም ፎቅ ሥር ነበር። እኔ መኪና አቆማለሁ፤ ጋሼ ደግሞ መውጫው ላይ ባለችው የመስታወት ክፍል ተቀምጠው ክፍያ ይቀበላሉ። ጋሼ የምላቸው በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ብቻ አይደለም። እዚያ ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው። ከባለቤቴ ጋር ተኳርፈን በየፊናችን ልንሄድ ስንል ኢንግልዉድ ወዳለችው ቤታቸው ጠርተው፣ ሁለታችንንም አንድ ሶፋ ላይ አስቀምጠው፣ ሻይ እስኪቀዘቅዝብን ድረስ የገሠጹን እሳቸው ናቸው። አባቴን በልጅነቴ ስላጣሁ፣ አባት ምን እንደሚያደርግ ያየሁት ከሳቸው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ታዲያ አንድ ቀን ካሜራ መጣ። ካሜራው ታርጋ ያነባል፣ ሰውየው በስልኩ ይከፍላል፣ የመውጫው ብረት ራሱ ይነሳል። አለቃችን ሁለታችንንም ቢሮው ጠርቶ በጣም እንደሚያዝን ነገረን። ጋሼ ተነስተው ጨበጡትና «አይዞህ» አሉት። የተባረርነው እኛ፣ የተጽናናው እሱ። በደረጃው ስንወርድ ተናደድኩባቸው። «ምን አረገ ብለው ነው አይዞህ የሚሉት?» አልኳቸው። «ፊቱ ልክ አልነበረም» አሉኝና መኪናቸውን ፍለጋ ሄዱ።

ለአንኢምፕሎይመንት ያመለከትነው በዚያው ሳምንት ነው። ኤርፖርት ውስጥ ካፌ የምትሠራው ባለቤቴ የሁለታችንንም በኮምፒውተር ሞላችልን። የሥራ አጥ ክፍያ የሚሰጠው ቢሮ ሰውን በየሁለት ሳምንቱ እየጠየቀ ያረጋግጣል፤ ሠርተሃል ወይ፣ ሥራ ፈልገሃል ወይ፣ ሥራ ቢመጣ ትገባ ነበር ወይ። ድሮ በወረቀት ነበር ይላሉ፣ ቀጥሎ በኮምፒውተር ሆነ፣ የኛ ተራ ሲደርስ ደግሞ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሆነ። እንግሊዝኛ ለሚከብደው ሰው ማሽኑ በገዛ ቋንቋው ይደውልለታል፤ አማርኛም አልቀረበትም። የምትናገረው ሴት ናት፣ ማለቴ የሴት ድምፅ ነው። አማርኛዋ እንደ ሬዲዮ ዜና የጠራ፣ ፌርፋክስ ላይ ማንም የማይናገረው ዓይነት ነው። «እንደምን ዋሉ፣ ክቡር ደንበኛችን» ብላ ትጀምራለች።

እኔ በመጀመሪያው ጥሪ ዘዴዋን አወቅሁባት። አጭር መልስ ትወዳለች። መኪናዬ ውስጥ ሆኜ «አልሠራሁም፣ ፈልጌያለሁ፣ እገባለሁ» እላታለሁ፣ አመስግናኝ ትዘጋለች። ጋሼ ግን ወደዷት። «እዚህ አገር ስኖር አንቱ ያለኝ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሄ የመጀመሪያው ነው» አሉኝ፣ ሹመት እንደመጣለት ሰው ቀና ብለው። አንቱ ላለቻቸው ሴት ደግሞ አዎና አይ ብቻ ብሎ ስልክ መዝጋት በሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ ጤንነቷን ይጠይቃሉ፣ ሥራ ፍለጋ የሄዱበትን ቦታ ከነመንገዱ ይተርኩላታል፣ ሲጨርሱ ይመርቋታል። በመጀመሪያዎቹ ጥሪዎች ምንም አልሆነም። እኔም «ዝም አይነቅዝም» እያልኳቸው ሳቅሁና ተውኩት።

እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ ቤቱ ይጠበኛል። በኢንተርኔት ለሥራ አመለክታለሁ፣ ሻይ ሳልጠጣ መልሱ ይመጣል፤ ሌላ ማሽን አይቶ «ለዚህ ጊዜ አልተመረጡም» ይለኛል። ሰው አይቶኝ አይሆንም ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ያኔ ቁልፌን አንስቼ ወደ ፌርፋክስ እነዳለሁ፣ መኪናዬን አቁሜ እራመዳለሁ፣ ተመልሼ መኪናዬን ሌላ ቦታ አቆማለሁ። ባለቤቴ «ቤንዚኑን እንጂ ጊዜውን አልጨረስከውም» ብላኛለች፣ እውነቷን ነው።

በዚህ መሀል ሃውቶርን የሚኖር አንድ የአገራችን ሰው አረፈ። ታክሲ ነጂ ነበር፤ ልቡ ነው ተባለ። እዚህም እድር አለን። ጋሼ ደግሞ እድሩ ከተቋቋመ ጀምሮ የንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ በጉባኤ ተመርጠው፣ በጭብጨባ ጸድቆላቸው። ንብረት ማለት ታጣፊ ወንበሮቹ፣ ጠረጴዛዎቹ፣ ትልልቆቹ የሻይ ቴርሞሶችና ግቢ ላይ የምትዘረጋዋ ድንኳን ናት። ሐዘን በደረሰ ቁጥር ከተቀመጡበት መጋዘን አውጥተው ለቅሶ ቤት ያደርሳሉ፣ ሲያልቅ ቆጥረው ይመልሳሉ። ወገባቸውን ስለሚያማቸው የዚያን ጊዜ አብሬያቸው ሄድኩ። ቫኑን የነዳሁት እኔ፣ ደረጃ የወጣሁት እኔ፣ ወንበሩን በብዛት የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እሳቸው መሬቱን እያዩ «እዚህ ጋ አሮጊቶቹ፣ እዚያ ጋ ቀሳውስቱ» እያሉ ቦታ ይደለድላሉ፣ መደልደሉ ሲያልቅ እኔን እያገዙ ይሸከማሉ። ከሥራ ከወጣን ወዲህ እንቅልፍ በቅጡ የወሰደኝ ያን ሳምንት ነው። ሰው ሞቶ እኔ ማረፌ ቢያሳፍረኝም ደስ አለኝ።

ከሠልስቱ በኋላ ባለው ሰኞ ማሽኗ ደወለች። እኔ የራሴን ጠዋት መኪና ውስጥ ጨርሻለሁ፤ አልሠራሁም ብዬ። ዋሸህ የሚለኝ ካለ ይምጣ። ለቅሶ ላይ ወንበር መሸከም ሥራ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው ተወልጄ አላየሁም። የጋሼ ጥሪ የደረሰው ፌርፋክስ ላይ፣ እትዬ ምግብ ቤት፣ ከኋላ ባለችው ጠረጴዛ ሽሮ እየበላን ሳለ ነው። እትዬ የቤቱ ባለቤት ናት፤ እንደ ጋሼ እዚህ አገር የቆየች ሰው ናት፣ የእድሩም አባል ናት። ጋሼ ጆሯቸው ስለሚከብድ ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እጃቸውን በናፕኪን ጠረጉ።

«እንደምን ዋሉ፣ ክቡር ደንበኛችን።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ እንደምን ነሽ፣ ልጄ?»

«ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት በክፍያም ሆነ ያለ ክፍያ ማንኛውንም ሥራ ሠርተዋል?»

ጭንቅላቴን ነቀነቅሁላቸው። ከንፈሬን አንቀሳቅሼ «ኖ ይበሉ» አልኩ። ጋሼ ሌባ ጣታቸውን አነሱብኝ፤ ልጅ ሰው ሲያወራ መሀል ሲገባ እንደሚነሳው ዓይነት።

«ያለ ክፍያም ቢሆን ብለሽ ከጠየቅሽኝ ሠርቻለሁ።»

«አመሰግናለሁ። ምን ዓይነት ሥራ እንደሠሩ ይንገሩኝ።»

«የእድራችን የንብረት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ሐዘን ደርሶብን ነበር። ወንበሩን ማመላለስ፣ ድንኳኑን መትከል፣ ሰውን ማስተናገድ፣ እሱ ሁሉ በኔ በኩል ነው።»

«በቀን ስንት ሰዓት ሠሩ?»

«ለቅሶ ሰዓት አለው እንዴ፣ ልጄ። ከጠዋት እስከ ማታ ነዋ።»

«ይህ ሥራ ተጠናቅቋል ወይስ ይቀጥላል?»

ጋሼ ጥቂት አሰቡ። ያሰቡት ለማሳመር ሳይሆን ለመጠንቀቅ ነው፤ ያልሆነ ነገር እንዳይናገሩ። «እንዲህ ያለ ሥራ የት ያልቃል» አሏት። «ነገ ደግሞ የማን ቤት እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ባለቤቱ ነው።»

«በእነዚያ ቀናት ሌላ ሥራ ቢቀርብልዎ ኖሮ ይቀበሉ ነበር?»

«ሬሳ አስቀምጬ?» አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅር አላቸው። «ከሠልስት በኋላ ነው እንጂ።»

«ስለትብብርዎ አመሰግናለሁ። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

«አሜን፣ ላንቺም። አምላክ ይጠብቅሽ።»

የጠቀለልኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት። «ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው። «እሷ እኮ ሰው አይደለችም። ያሉትን ሁሉ ሪከርድ ነው የምታረገው። ሶ አሁን ሥራ አለው ብላ ትጽፋለች።»

«ትጻፍ። ምን ክፉ ነገር ተናገርኩ?»

«ኖ ቢሉ ኖሮ ኦኬ ነበር። ዝም አይነቅዝም እያልኩ ስንቴ ነገርኩዎት።»

«ያለ ክፍያም ቢሆን ብላ ነው የጠየቀችኝ።»

«ለቅሶ ሥራ ነው እንዴ?»

«አንተ ያን ሁሉ ወንበር ስትሸከም ወገብህን አላመመህም?»

«አሞኛል።»

«ሥራ ነዋ» አሉና እንጀራቸውን ጠቀለሉ።

እትዬ ከባንኮኒው ማዶ ሆና ሁሉንም ሰምታ ነበር። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አለች። ጋሼ መላጣቸውን ዳበስ አድርገው ሳቁ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ተነስቼ ወጣሁ፣ ጥጉ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ፣ እንደገና ወጣሁ። ስመለስ ሒሳቡን ከፍለው እየጠበቁኝ ነበር።

ደብዳቤው ሳይቆይ መጣ። ውሳኔው በአውቶማቲክ ሲስተም እገዛ የተዘጋጀ ነው ይላል። አመልካቹ እድር ከተባለ ድርጅት ጋር በንብረት ኃላፊነት፣ ሙሉ ቀን፣ በቀጣይነት እየሠሩ መሆኑን በገዛ ቃላቸው አረጋግጠዋልና ክሌማቸው፣ ማለት የክፍያ ማመልከቻቸው፣ ተዘግቷል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ሌላ ሥራ ለመቀበል ዝግጁ አልነበሩም ይላል። በአንዱ ወረቀት ላይ ሥራ ያለውም ለሥራ የማይመቸውም አንድ ሰው ነው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ባለቤቴ ስትተረጉምላቸው አዳመጡና «ዋሸች የምላት ቦታ የለም» አሉ። «ያልኩትን ነው የጻፈችው።» ያኔ ነው እኔ የፈራሁት። ሐሰት ቢሆን ኖሮ እንሟገተዋለን፤ ይህ ግን ቃል በቃል የሳቸው ነው፣ የተሳሳተው መላው ነገሩ ነው።

ቢሮው ደወልኩ። ከብዙ ሙዚቃ በኋላ አንዲት ሰው ተገኘች፤ ትንፋሿ ስለተሰማኝ ሰው መሆኗን አወቅሁ። እድር ምን እንደሆነ አስረዳኋት፤ ጎረቤት፣ ሐዘን፣ ወንበር። ደግ ሴት ነበረች። «ይገባኛል፣ ግን እኔ የማየው ሲስተሙ ያለውን ብቻ ነው» አለችኝ። «አፒል አድርጉ፣ ዳኛ ይሰማችኋል።»

ነገሩ እንግዲህ ከዚህ በኋላ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ጋሼ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። ዳላስ ያለችው ልጃቸው እናቷ ካረፉ ጀምሮ «ና ከኔ ጋር ኑር» ስትላቸው «ሥራ አለኝ» እያሉ ነው የቆዩት። አሁን ሥራውም የለ፣ ክፍያውም ቆመ፣ የቤት ኪራይ ደግሞ ሐዘን አያውቅም። ይግባኙ ካልተሳካ ቤቱን ለቅቄ እሄዳለሁ ብለው ነገሩኝ። የተናገሩት ረጋ ብለው ነው፣ የአየሩን ሁኔታ እንደሚነግሩኝ ሁሉ። እኔ ግን እንዲሄዱብኝ አልፈለግሁም። ይህን በዚህ ቃል ነግሬያቸው አላውቅም፣ እዚህ ላይ ግን ልጻፈው። ይህች ከተማ ያለ ጋሼ ምን እንደምትመስል ማሰብ አልቻልኩም ነበር።

ይግባኙን አስገብተን ቀጠሮው እስኪደርስ ሰው አልነበርኩም። ሌሊት እገላበጣለሁ፣ ቀን እነዳለሁ። ጋሼን ባገኘኋቸው ቁጥር አስጠናቸዋለሁ። «ተከፍሎኝ አያውቅም ይበሉ። ሥራ ቢጠሩኝ እሄድ ነበር ይበሉ።» እሳቸው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይሉኛል። «እያደር ሲጠራ እርስዎ ዳላስ ነዎት» አልኳቸው አንድ ቀን በንዴት። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ስቆጣ እንደዚያ ሲያደርጉኝ ጭራሽ ይብስብኛል።

ችሎቱ በስልክ ነበር። እትዬ ቤት ምሳ ሰዓት ስለሚጮህ፣ ከፌርፋክስ ገባ ባለች ጎዳና ላይ መኪናዬን ጥላ ሥር አቁሜ መስታወቱን ዘጋን። ጋሼ የእሁድ ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ማንም ለማያያቸው ነገር። ስልኩን በመሀላችን አስቀመጥነው። ዳኛዋ ሴት ናት፤ አስተርጓሚ ደግሞ ከየት እንደሆነ የማናውቀው አንድ የአገራችን ሰው ነው። እውነት ለመናገር ይምሉ ሲባሉ ጋሼ አመነቱ። መሐላ ይፈራሉ። ሳይምሉ ቃል መስጠትም ይቻላል ሲባሉ «እንግዲያው ቃሌን እሰጣለሁ» አሉ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ መልካም ሄደ። ዳኛዋ ማሽኗ የጻፈችውን አጠር አድርጋ አነበበችና እድር ምን ዓይነት ድርጅት ነው ብላ ጠየቀች። ጋሼ አስረዷት። ቀስ ብለው፣ በሚገባ። ሰው ሲሞት ማን ቤት እንደሚኬድ፣ ወንበሩ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ኃላፊነቱ በምርጫ እንጂ በቅጥር እንዳልሆነ። ዳኛዋ «እና ማንም አይከፍላችሁም?» አለች። «የሚቀር ሰው ይቀጣል እንጂ የሚመጣ ሰው አይከፈለውም» አሉ። አስተርጓሚው ሲተረጉም ሳቅ ብሎ ነበር፣ ዳኛዋም እንደዚሁ ሳቀች መሰለኝ። መሪውን ጨብጦ የነበረውን እጄን ለቀቅሁ። ሰው ለሰው ሲነጋገር እንዲህ ነው ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ዳኛዋ ጠየቀች። «ክፍያ እንዳልነበረ አብሮዎት ሆኖ ያየ ሰው አለ?»

«እኔ አለሁ» አልኩ፣ ሳልጠራ። እኔም ቃሌን ሰጠሁ።

«በዚያ ሳምንት እዚያ ነበሩ?»

«ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።»

«ምን ሲያደርጉ?»

«ቫን ስነዳ፣ ወንበር ስሸከም። ከሳቸው ይበልጥ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ሁለታችንም ሳንቲም አልተቀበልንም።»

የምትተይበው ይሰማናል። «እርስዎም የሥራ አጥ ክፍያ ይቀበላሉ?»

ይህ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ሁልጊዜም ችኮላዬ ነው የሚያስበላኝ። «አዎ» አልኩ።

«ለዚያው ሳምንት፣ ያለ ክፍያም ቢሆን ሥራ ሠርተዋል ወይ ተብለው ሲጠየቁ ምን መለሱ?»

አንድ መኪና አጠገባችን መጥቶ ቀስ አለ፣ ቦታ የሚፈልግ ይመስላል። «አልሠራሁም ነው ያልኩት» አልኩ። «ምክንያቱም ለቅሶ ሥራ አይደለም።»

ዳኛዋ ድምጿን ሳትለውጥ ተናገረች፤ አስተርጓሚውም እንደ እሷው ቀዝቀዝ ብሎ አስተላለፈልን። አሁን እየተናገሩ ያሉት የራስዎንም ፋይል ይነካል። ሐሰተኛ መግለጫ ሆኖ ከተገኘ የተቀበሉትን ሊያስመልስና ክሌምዎን ሊያዘጋ ይችላል። እኔ ደግሞ የሰማሁትን የማሳወቅ ግዴታ አለብኝ። ሊቀጥሉ ይፈልጋሉ?

እቀጥላለሁ ልል አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ጋሼ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እመቤቴ። ይሄ ልጅ አልነበረም።»

ዞር ብዬ አየኋቸው። እሳቸው የሚያዩት ስልኩን ነው።

«እኔን ላድን ብሎ ነው። ማታ ማታ እንደማንኛውም ሰው ለማስተዛዘን ብቅ ይል ነበር እንጂ ወንበሩን የተሸከምኩት ብቻዬን ነኝ። ቫኑንም የነዳሁት እኔ ነኝ።»

አስተርጓሚው ወዲያው አልተረጎመውም። ከተረጎመ በኋላ ዳኛዋ «ከሁለታችሁ አንዳችሁ እውነቱን እየተናገራችሁ አይደለም» አለች። ቀጥላም እኔን ጠየቀችኝ፤ የቱ ነው ትክክሉ? ጋሼ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አድርገው ተጫኑኝ። ከባድ እጅ አላቸው። ልጆቼን አሰብኩ፣ በዚያ ሰዓት ኤርፖርት ቆማ ቡና የምትቀዳዋን ባለቤቴን አሰብኩ። ብዙ ታገልኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አልታገልኩም።

«ጋሼ እንዳሉት ነው» አልኩ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ወደሳቸው ዞርኩ። «ቃልዎን ሰጥተው እኮ ነበር» አልኳቸው።

«ሰጥቻለሁ።»

«ለራስዎ አንዲት ኖ ማለት ያቃተዎ ሰውዬ።»

«ለራሴማ አላደርገውም።» ኮታቸውን አወለቁና አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አደረጉት። «ንዳ እስቲ፣ ሰውዬው ፓርኪንጉን እየጠበቀ ነው።»

ውሳኔው መጣ። የሲስተሙ ውሳኔ ጸንቷል ይላል። ምክንያቱም አጭር ነው፤ የአመልካቹና የምስክሩ ቃል ስለተጋጨ የአመልካቹን ቃል ማመን አልተቻለም። ለማሽኗ የተናገሩት እውነት ሁሉ ታምኖላቸው ነበር የተዘጋባቸው፤ አሁን ደግሞ ስለማይታመኑ ተዘጋባቸው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቤ ቀድጄ ልጥለው ስል ባለቤቴ ቀማችኝ። ለኔ ምንም ወረቀት አልመጣም። ፋይሌን የነካው የለም።

ልጃቸው ትኬት ላከችላቸው። የቤታቸውን ዕቃ ያጋዝኩት እኔ ነኝ፤ አልጋውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ፍሪጁን፣ ያንን እኔና ባለቤቴ የተቀመጥንበትን ከባድ ሶፋ ጭምር በዚያ ጠባብ ደረጃ አወረድኩት። ሳምንቱን ሙሉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ። እትዬ ምሳ እየላከችልን፣ ጋሼ በር ላይ ቆመው «ቀስ፣ ጠርዙን ተጠንቀቅ» እያሉኝ።

ኤርፖርቱ ከቤታቸው ቅርብ ነው። ለኔ ግን በጣም ቀረበብኝ፤ ሳያስፈልግ አንድ ዙር ዞርኩ፣ እሳቸውም አይተውኛል። መውረጃው ጋ አስተናባሪው «ቀጥል፣ ቀጥል» እያለ ያጣድፈናል። ሻንጣቸውን አውርጄ ቆምኩ። 

«ልጅቷ ደወለችልህ?» አሉኝ።

የቷ ልጅ እንደሆነች ገባኝ። «ዛሬ ጠዋት።»

«ጠየቀችህ?»

«ያለ ክፍያም ቢሆን ሠርተዋል ወይ አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

ወገቤን ያመኝ ነበር። «አልሠራሁም አልኳት።»

«ጎሽ» አሉኝ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ግራና ቀኝ ሳሙኝ፣ ሻንጣቸውን ይዘው በመስታወቱ በር ገቡ፣ አስተናባሪውም የመኪናዬን ቦኔት መታ መታ አድርጎ አስነሳኝ።